ሦስት ነው እንጂ አራት አይደለም

ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ድረስ ታውላ ላይ እንደ እኔ ሩጫ የሚቆጥር ሰው የለም። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት የገባሁት ለጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ ንባቡንም፣ ማባዛቱንም፣ የወፍጮ ሞተር መፍታቱንም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። በጉብዝናዬ ዘመን ቁይ ላይ ወፍጮ ቢቆም፣ አማኑኤል ላይ ወፍጮ ቢቆም የሚጠሩት እኔን ነበር። ገና በሩ ላይ ቆሜ ድምፁን ሰምቼ የቱ ኩሽኔታ እንደተበላ እናገር ነበር። ታውላንም ያወቅሁት እንደዚያው ነው፤ አይቼ፣ አድምጬ፣ ብቻዬን አስቤ።

ታውላን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተው ነው። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ሳንቃ አለ፤ ሳንቃው ላይ ቤቶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ አምስት ጠጠር ይሰጠዋል። ሁለት ዳይስ ይጣላል። እኛ ግን አጥንት ነው የምንላቸው፤ እነዚያ አሮጌዎቹ ከአጥንት የተሠሩ ናቸውና። በወጣልህ ቁጥር ጠጠሮችህን እያስኬድክ ወደ ሰፈርህ ታስገባለህ፤ ሁሉም ከገቡ በኋላ ደግሞ ታወጣቸዋለህ። ቀድሞ አውጥቶ የጨረሰ አሸነፈ። በአንድ ተራ የሚወጣው ሁለት ጠጠር ነው። ሁለቱ አጥንቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ድርብ ነውና አራት ታወጣለህ። ስድስት ስድስት ሲመጣ ዱሼሽ ይባላል። ከዱሼሽ በላይ የለም።

በጨዋታው መጀመሪያ ብልሃት አለ። መንገድ መዝጋት አለ፤ ማድባት አለ፤ ብቻውን የቀረውን ጠጠር መምታት አለ። የሁለቱ ሰዎች ጠጠር ተላልፎ ካበቃ በኋላ ግን የሚቀረው ሩጫ ነው። ያኔ ማንም ማንንም አይነካም። ሌላው ሰው በጣቱ እየጠቆመ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ስንት እርምጃ እንደቀረው ሲቆጥር እኔ የእኔንም የእሱንም ቆጥሬ ሻዬን እያማሰልኩ እጠብቀዋለሁ።

ከዚህ ቆጠራ የተነሣ አንድ ደንብ ለራሴ አወጣሁ። ቆጥሬ እንደተሸነፍኩ ካወቅሁ አጥንቱን በከንቱ አላደክምም። እጄን ዘርግቼ ሳንቃውን አጥፋለሁ። ሲያሸንፉኝ እንኳ ከአሸናፊው ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። ሰውም ይህን ያውቅልኝ ነበር፤ «እሳቸው ካጠፉት አልቋል» ይባል ነበር።

የምጫወተው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው። ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የበር ማጠፊያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ወደ መናኸሪያ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነው። ታውላው የእሱ ነው። አያቱ ከባሕር ማዶ የመጡ ዐረብ ነጋዴ ነበሩ፤ ታውላውን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ዱሼሽ የሚለውም ቃል ከእሳቸው ጋር ነው የመጣው። ከወጣትነታችን ጀምሮ እዚያ ሱቅ ደጃፍ፣ ሁለት የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት ኖረናል።

ይህ ሰው አይቆጥርም። ቆጥሮም አያውቅም። ገዢ መጥቶ ሚስማር ሲጠይቀው በቀኝ እጁ እየመዘነ በግራው ይጥላል። የጣለውን እንኳ አያይም፤ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

«ኢንጂነር፣ ምን ወጣልኝ?» ይለኛል። ኢንጂነር የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ነው።

«ዓይን የለህም?»

«መነጽሬን የሆነ ቦታ ትቼዋለሁ። አንብብልኝ።»

«ዱሼሽ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያውስ አራቱን አውጣልኝ፤ እጄ በሚስማር ቆሽሿል።»

የእሱን ዱሼሽ በገዛ አፌ አነብባለሁ፤ ጠጠሩንም በገዛ እጄ አወጣለታለሁ። ይህን የቀመሰ ያውቀዋል።

ሰዎችም ይሰበሰባሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ከገበያ የሚመለሱት፣ ቆርቆሮ ሊገዙ የመጡት ሁሉ ከእሱ ጀርባ ነው የሚቆሙት። «ጋሼ፣ ዛሬ እጅዎ እንዴት ነው?» ይሉታል። እኔን «ጋሼ፣ ዛሬ ቆጠራዎ እንዴት ነው?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። እጅ ምንድን ነው? እጅ ሁሉም ሰው አለው። ጭንቅላት ነው እንጂ የሚደነቀው።

ደግሞ ዕድሉ ታውላ ላይ ብቻ ቢሆን እታገሠው ነበር። ነፋስ ተነሥቶ የሰውን ጣሪያ ሲገነጥል የእሱ ቆርቆሮ ይሸጣል። ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ ቁልቁል ሲምዘገዘግ መጥቶ ከሱቁ በር ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረበትም። አንድ ጊዜ ከአማኑኤል ከለቅሶ ስንመለስ እኔ ደመናውን አይቼ «ይዘንባል፤ ቶሎ እንሂድ» ብዬ ቀድሜ ወጣሁ። እሱ «ገና ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ዝናቡ መሐል መንገድ ላይ ደበደበኝ። እሱን ዘመዱ በመኪና አሳፍሮት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን እያውለበለበልኝ አለፈ። ጥቂት ካለፉኝ በኋላ ቆመው አነሡኝ፤ እሱን አልክድም። ግን ረጥቤ ነው የገባሁት፤ እሱ ደረቅ ነበር። እኔስ? የናፍጣ ሞተር እንደ እጄ መዳፍ ያወቅሁ ዕለት መብራት ገባና ወፍጮው ሁሉ በኤሌክትሪክ ሆነ።

ቅናት ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ሰው የሚቀናው ለእሱ ይገባው የነበረውን ነገር ሌላው ሲወስድበት ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ያለው ቤቴ ውስጥ ነው።

ባለቤቴ ታውላ ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም ነበር። ሱቁ ደጃፍ ደርሳ አታውቅም፤ የምትሰማው ከእኔ ብቻ ነው። ማታ ስገባ ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ «ዛሬስ ጣለብህ?» ትለኛለች። እኔም ተናድጄ ስለምገባ እነግራታለሁ። እኔ እንዴት መንገድ እንደዘጋሁበት፣ እንዴት በቆጠራ እንደቀደምኩት ስጀምርላት ዓይኗ እንዝርቷ ላይ ነው። «ከዚያ ሚስማር እየመዘነ…» ስል ግን እንዝርቱን ታስቀምጣለች።

«በግራ እጁ?»

«በግራ እጁ።»

«ሳያይ?»

«ሳያይ።»

ትስቃለች። በማግስቱ ማኅበር ላይ ለሴቶቹ ትነግራለች። «ባለ ዱሼሹ» የሚል ስም ያወጣችለት እሷ ናት። በግ ገዝቼ ስጎትት መንገድ ላይ ያገኙኝ ሴቶች «ባለ ዱሼሹ ወዳጅዎ ደኅና ናቸው?» ይሉኛል፤ በጉን አያዩትም።

አንድ ቀን፣ ዕድል ሳይገባበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጭንቅላቴ ብቻ አሸነፍኩት። እንደዚያ ያለ ጨዋታ በዕድሜ ልክ ጥቂት ጊዜ ነው የሚገኘው። በደስታ ገብቼ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ምነው፣ አሞት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ። አንዲት ቀን እሷ ተቀምጣ ስታይ፣ እኔ በቆጠራዬ ሳሸንፈው። አንዲት ቀን ትበቃኛለች አልኩ።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ አንድ ማለዳ ሰውየው ራሱ ቤቴ መጣ። ሱቁን ሳይከፍት ቤቴ መምጣቱ አስደነገጠኝ። ባለቤቴ ወንበር አቀረበችለት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«ሐጅ ልሄድ ነው» አለኝ። «የበደልኩህ ካለ አፉ በለኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ማለት ነው። በእነሱ ዘንድ ወደ መካ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱንና ወዳጁን እየዞረ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይነሣም። ያንን አውቃለሁ፤ በአባቱም ጊዜ አይቻለሁ።

«ምን በደልከኝና?» አልኩት።

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ የማውቀው ዱሼሹን ብቻ ነው።»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ስትመለስ እንተሳሰበዋለን» አልኩት። «ታውላው የት ይሄዳል።»

«ስመለስማ አጥንት አልነካም። ሐጅ ደርሶ የመጣ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ አጥንት ሲጥል ደስ አይልም። አባቴም እንደተመለሱ ነው የተዉት። ታውላው በቃው።»

ሰው ከተሸነፈ በኋላ ነገ አለ ብሎ ነው የሚተኛው። ይህ ሰው ዕድሉን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ነገን ከእኔ ወስዶ ሊሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ማሸነፊያም መበቀያም የለኝም። ባለቤቴም እስከ ዕለተ ሞቷ «ባለ ዱሼሹ» ትላለች።

«እንግዲያውስ» አልኩት፣ «አፉ የምልህ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ከተጫወትን በኋላ ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ባለቤቴ። «ይቅርታ በታውላ ይያዛል እንዴ?»

«ይያዝ እትዬ፣ ግድ የለም» አላት እየሳቀ። «እኔም ሳልሰናበተው ብሄድ ይቆጨኛል።»

«እንዲያ ከሆነ እኔም መጥቼ አያለሁ» አለችው። «ይህን ያህል ዘመን ስሰማ ኖሬ እጅዎን ሳላይማ አይሄዱም።»

እጅዎን ነው ያለችው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ለገበያ ቀን ተቃጠርን። ባለቤቴ የዓመት በዓል ነጠላዋን ለብሳ፣ በርጩማዋን ለእኔ አስይዛ መጣች። የት እንደምትቀመጥ ሳልነግራት በርጩማውን ከእጄ ወስዳ ከእሱ ጎን አስቀመጠችው። «ከዚህ ይታያል» አለች። ከጀርባዋ ባጃጅ ነጂዎቹ ተሰበሰቡ። እኔ ፊት ለፊት ብቻዬን ነበርኩ፤ ከኋላዬ ግድግዳ ነው።

ያን ቀን እንደተጫወትኩት ተጫውቼ አላውቅም። ገና በመጀመሪያው ሁለት ጠጠሮቹን ዘግቼ አስቀረሁበት። አንዱን መታሁበት። እሱ ለአንዲት ሴትዮ ማጠፊያ ሲያሳይ፣ ከሌላው ጋር ስለ ገብስ ሲያወራ፣ በመሐል መጥቶ ይጥላል፤ እኔ ግን ከሳንቃው ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ጠጠሮቻችን ተላልፈው ሩጫ ውስጥ ስንገባ ቆጠርኩ። ቀድሜያለሁ። በደንብ ቀድሜያለሁ።

«አሁን ብልሃቱ አልቋል» አልኳት ባለቤቴን። «ከዚህ በኋላ ሩጫ ነው። እኔ እቀድማለሁ።»

«እሳቸው መቼ ነው የሚጥሉት?» አለችኝ።

እሱም ጣለ።

«ኢንጂነር፣ ምን ወጣልኝ?»

ሳላነብለት ባለቤቴ ቀደመችኝ። «ስድስትና ስድስት ነው! ዱሼሽ ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው እትዬ።»

ለእኔ ሁለትና አንድ ወጣ። ለእሱ አምስት አምስት። ለእኔ እንደገና ሁለትና አንድ። ከዚያ ለእሱ እንደገና ዱሼሽ። ባጃጅ ነጂዎቹ ጮኹ። ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ የእሱን ግራ እጅ ትመለከት ነበር፤ ሕፃን ልጅ እንደምታይ ዓይነት አስተያየት። እኔን ካገባችኝ ጀምሮ የእኔን እጅ እንዲያ ስታይ አላየሁም። ስንት ሞተር የፈታ እጅ ነው።

ጥቂት ቆይቶ እንዲህ ሆነ። እሱ ስድስት ጠጠር ብቻ ቀርቶታል፤ ስድስቱም መጨረሻው ቤት ላይ ተደርድረው መውጫቸውን ይጠብቃሉ። እኔ አሥራ ሁለት አሉኝ፤ ዘጠኙ ሩቁ ስድስተኛው ቤት ላይ ተከምረዋል፤ ሦስቱ አራተኛው ላይ ናቸው። ተራው የእኔ ነው። ቆጠርኩ፤ መቁጠርም አያስፈልገውም ነበር። እጄን ዘርግቼ የሳንቃውን ጠርዝ ያዝኩ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ላጥፈው ነው። አልቋል።»

«የታለ ያለቀው? እነዚያ ያንተ አይደሉም?»

«ናቸው። ስሚኝ። እሱ ስድስት አለው፤ ሁለት ሁለት ቢያወጣ በሦስት ተራ ይጨርሳል። እኔ አሥራ ሁለት አሉኝ። ልቀድመው ከሆነ በሦስት ተራ፣ አራት አራት ማውጣት አለብኝ። ከሩቁ ቤት አራት የሚያወጣ ደግሞ ዱሼሽ ብቻ ነው፤ ሌላ ድርብ አይሆንም። ዱሼሽ ከሠላሳ ስድስት አንድ ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲሆን ሠላሳ ስድስትን በሠላሳ ስድስት፣ ያንን ደግሞ በሠላሳ ስድስት ታባዣለሽ። አርባ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው። ከዚያ ሁሉ አንዱ ነው። ያውም እሱ በመካከል አንድ ድርብ እንኳ ካልጣለ ነው።»

ይህን ሁሉ ያባዛሁት እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ያለ እርሳስ ነው። አንዱ ባጃጅ ነጂ ስልኩን አውጥቶ አባዛና «ልክ ናቸው፤ አርባ ስድስት ሺህ ምናምን» አለ። እየተሸነፍኩ እንኳ ደስ አለኝ። እሷ ሰምታኛለች፤ ይህን ቁጥር ማታ ለሴቶቹ ትነግራለች አልኩ።

እሷ ግን «እንግዲህ አንድ አለ ማለት ነው» አለች።

«በስሌት አለ። በስሌት ያለ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም።»

«ካለማ ጣለው።»

«በከንቱ አጥንት አላደክምም። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰውየው ሩቅ አገር ሊሄዱ ነው» አለችኝ። «ሳያልቅ ታጥፍባቸዋለህ?»

«እውነትዎን ነው እትዬ» አለ ጓደኛዬ። አሁን ሚስማሩን ትቶ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። «ዕድሜ ልኩን ሲያጥፍብኝ ነው የኖረው። ልክ ሊያልቅ ሲል እጥፍ ያደርገዋል። ሳሸንፈው እንኳ መጨረሻውን አሳይቶኝ አያውቅም።»

ይህን ተናግሮት አያውቅም ነበር። ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር፤ ጊዜውን የቆጠብኩለት ይመስለኝ ነበር። አፋቸውን ላስዘጋ ብዬ አጥንቶቹን አንሥቼ፣ ሳላሽ፣ እንደ ቆሻሻ ጣልኳቸው።

ስድስትና ስድስት።

«ይኸ ዱሼሽ አይደለም?» አለች ባለቤቴ።

«ነው» አልኩ። አራት አወጣሁ። «ግን ምንም አይደለም። አሁንም እሱ ይቀድማል።»

እሱ ጣለ፤ አራትና ሦስት። ሁለት አወጣ። ድርብ ሲወጣለት የኖረ ሰው አራትና ሦስት። እኔ እንደገና ጣልኩ፤ አንደኛው አጥንት ቶሎ ቆመ፤ ሁለተኛው ሳንቃው ጠርዝ ድረስ ሾሮ ተመለሰ። ስድስትና ስድስት። ማጠፊያ ልትገዛ የመጣችው ሴትዮ እንኳ ዘንቢሏን አስቀምጣ ቆመች። እሱ አጥንቶቹን አነሣና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኝ እጁ ጣላቸው። ሁለትና አንድ። ሁለት ጠጠር ቀረው። እኔ አራት ቀረኝ፤ አንዱ አሁንም ስድስተኛው ቤት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተውን ስሕተት አልተሳሳትኩም። አሁን ያለው ቁጥር አርባ ስድስት ሺህ አይደለም፤ ሠላሳ ስድስት ነው። አጥንት ትናንትን አያስታውስም፤ ያለፉትን ሁለቱን አይቆጥርልህም፤ አይቆጥርብህምም። ከሠላሳ ስድስት አንድ ደግሞ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥንቶቹን በሁለት እጄ ይዤ አሸኋቸው።

ጣልኩና ማየት አቃተኝ። ሳንቃውን ትቼ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አየሁ። የወጣውን ያነበብኩት ከእሱ ፊት ላይ ነው። ዓይኑ ተከፈተ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ፤ የልጅ ልጁ እግር አውጥቶ ሲሄድ ያየ አያት መሰለ። በሳቅ ጣሳው ላይ ወደ ኋላ ሊወድቅ ሲል አንዱ ባጃጅ ነጂ ደገፈው።

«ኢንጂነር!» አለ። «ልብህ አልቻለም እንዴ? እኔ ላንብብልህ?»

ከዚያ ተነሥቶ በሳንቃው ላይ አልፎ አቀፈኝ፤ ጠጠሩ ሁሉ ተበተነ። ሰው ሁሉ ጀርባዬን መታኝ። እኔ በእቅፉ ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ይህ ፊት ሲያሸንፈኝ የማየው ያው ፊት ነው። ምንም አልጎደለበትም። እኔ እሱ ዱሼሽ በጣለ ሌሊት ሁሉ ጣሪያ ሳይ ነው የማድረው። እሱ ግን ዛሬ፣ በመጨረሻው ጨዋታው፣ በእንዲህ ያለ ግፍ ተሸንፎ ደስ ብሎት ይገባል፤ ደስ ብሎት ይተኛል። ያን ቀን የቀናሁበትን ያህል ቀንቼበት አላውቅም። ዱሼሹንስ ይኸው እኔም ጣልኩት። ይህንን ደስታ ግን ከየት ነው የሚያመጣው?

«አሁን አፉ በለኝ» አለኝ ጆሮዬ ሥር። ከዚያ ራቅ ብሎ ሰው እንዲሰማ «ወይስ አፉ በለኝ የምትለኝ አንተ ነህ?» አለ። ሁሉም ሳቀ።

«አፉ ብያለሁ» አልኩት። የጣለብኝን ሁሉ ይቅር ብየዋለሁ። ሳቁን ግን ከይቅርታው ውስጥ አላስገባሁም።

ወደ ቤት ስንሄድ በርጩማውን እኔ ነኝ የያዝኩት። ባለቤቴ «የሰውየውን ፊት አየህልኝ?» አለች። «ራሳቸው የጣሉ ነው እኮ የሚመስሉት። እንዲህ ያለ ልብ!»

«የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ጣልክ።»

«ሦስት ዱሼሽ በተከታታይ ነው የጣልኩት። ቁጥሩን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ» አለች። ቀጥላም «አጥንቶቹ የእሳቸው አይደሉ? ይህን ያህል ዘመን በእጃቸው ኖረው፣ አንዳች ነገር አድሮባቸው ቢሆንስ» አለች።

ስሌቱ አልተሳሳተም። ከአርባ ስድስት ሺህ አንድ አለ ብዬ ነበር፤ ያ አንዱ መጣ እንጂ ሌላ አልሆነም። ይህን ያሰላሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከመሆኑ በፊት።

ሰውየው ሄዶ በደኅና ተመለሰ። ጺሙን ሂና ቀብቶ፣ ነጭ ቆብ አድርጎ፣ አሁን ሐጂ ነው የሚባለው። ቃሉንም ጠበቀ፤ አጥንት አይነካም። ታውላው ከቆርቆሮው ኋላ ታጥፎ ቆሟል። አጥንቶቹን ግን የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ከቷቸው መደርደሪያው ላይ፣ ከማጠፊያዎቹ አጠገብ አስቀምጧቸዋል፤ ስድስትና ስድስት አድርጎ። ለገዢው ሁሉ ወሬውን ይነግራል። ሲነግረው ደግሞ ያምርበታል፤ ይህን አልክድም። አንዴ እጁን በሳንቃ ጠርዝ ላይ እንደ እኔ ያደርጋል፤ አንዴ እንደ ባለቤቴ «ካለማ ጣለው» ይላል፤ አንዴ ራሱን ሆኖ ከጣሳው ላይ ይወድቃል። እኔን ጀግና አድርጎ ነው የሚያወራኝ። ሰዎቹ ግን የሚያዩት እሱን ነው። ባለቤቴም እንግዳ ሲመጣ «ሐጂ ሲነግሩት ነው መስማት፤ ሂዱና ስሙ» ብላ ወደዚያ ትልካለች። ድሉ የእኔ ነው፤ ደጃፉ ግን የእሱ ነው።

ደግሞ ያበዛዋል። አንድ ቀን ከኋላ ቆሜ ስሰማው «አራት ዱሼሽ በላይ በላዩ!» አለ።

«ሐጂ፣ ሦስት ነው» አልኩት።

«አራት አልነበረም እንዴ?»

«አሥራ ሁለት ጠጠር ነበረኝ። አሥራ ሁለት ለአራት ሲካፈል ሦስት ነው።»

«እንግዲህ እኔ አልቆጥር» አለና ሳቀ። «አንተ ካልክ ነው።» ከዚያ ለሚቀጥለው ገዢ እንደገና አራት አለው።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ነጂው አዲስ ልጅ ነው፤ ከደምበጫ በቅርቡ ነው የመጣው። ሱቁ ፊት ለፊት ስናልፍ በእጁ አሳየኝ።

«አባባ፣ እዚህ ሱቅ የሆነውን ሰምተዋል? አንድ ሽማግሌ ሐጂን አራት ዱሼሽ ጥለው አሸነፏቸው። በተከታታይ። እንዲያውም እነዚያን አጥንቶች የነካ ሰው ይቀናዋል ይላሉ። እኔም ነክቻለሁ።»

«ሦስት ነው» አልኩት።

«አራት ነው አባባ።»

«ሦስት ነው እልሃለሁ።»

ልጁ በመስተዋቱ አየኝና በትሕትና ፈገግ አለ። «እርስዎ የት አይተው አባባ፤ ለእኔ የነገሩኝ ራሳቸው ሐጂ ናቸው።»

ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። ሦስት ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ። ቆጠራውም ልክ ነበር።